ኮሌታው ላይ የተሰፋው ስም

በሚናኡራ ከተማ በዚያ ሰሞን የዘመዱን ሬሳ ላገኘ ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ይባል ነበር። ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ቢሰማ «እነዚህስ አብደዋል» ይል ይሆናል። ይበል። ያልደረሰበት ምን ያውቃል። ባሕር ቤቱንም መንገዱንም ሰዉንም ጠራርጎ ከሄደ በኋላ፣ ወር ሙሉ የስም ዝርዝር ሲያነብ የከረመ ሰው የሚመኘው ቁርጡን ማወቅ ብቻ ነው። የሺዙ ባል ኢሳኦ ተገኘ በተባለበት ጠዋትም፣ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ብርድ ልብስ ተከናንበው የተኮለኮሉት ተፈናቃዮች አንድ በአንድ እየተነሡ እጅ ነሷት። «ታድለሻል» አሏት። አንዲት አሮጊትማ እጇን ይዛ አልለቅ አለች።

በመጨረሻ የተነሣችው ፉሚኤ ናት። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለች። ብላም ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደች፤ በሩን ዘጋች፤ ፎጣ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ጮኸች። ቅናት ነው። ሌላ ስም የለውም። የሷ ባል ቶኩጂ አልተገኘም፤ የሺዙ ተገኘ።

ሰው በሬሳ ይቀናል ወይ የሚል ካለ ፉሚኤን አያውቃትም። ሁለቱ ሴቶች ሠላሳ አንድ ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ ኖረዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት ፉሚኤ በሺዙ ያልቀናችበት ነገር ቢፈለግ አይገኝም። ሺዙ ስድሳ ዓመት ሞልቷት ፀጉሯ አልሸበተም፤ ቀናች። የሺዙ ልጅ ቶኪዮ ገብቶ በየእሑዱ ይደውላል፤ ልጅ ያልወለደችው ፉሚኤ የስልኩን ጩኸት በግድግዳው በኩል እየሰማች ትቃጠላለች። የሺዙ ግቢ ፀሐይ ቀድሞ ስለሚያገኘው የምታሰጣው የባሕር ቅጠል ቶሎ ይደርቃል፤ ይህም ያናድዳታል። አንድ ክረምት ሺዙን ጉንፋን ይዟት ሰፈሩ ሾርባ ሲያመላልስላት፣ ፉሚኤ «ጉንፋን እንኳ እሷ ላይ ሲሆን ያምርበታል» ብላ ባሏን አስቃዋለች።

ቶኩጂ ሳቂታ ነበር። አጭር፣ ወፍራም፣ ሲጠጣ የሚዘፍን፣ ሲዘፍን የሚያለቅስ ሰው። «አንቺ ሴት፣ የቀረሽ እኮ ኢሳኦ ብቻ ነው። በሱም ልትቀኚ ነው?» ይላታል።

«በዚያ ደረቅ? እሱስ ለሷው ይሁንላት!» ትለዋለች።

በባል በኩል ብቻ ነበር ፉሚኤ ራሷን ከሺዙ በላይ የምታየው። ለማንም ተናግራው አታውቅም እንጂ፣ ሌላው ሁሉ ሲያንገበግባት የምትጽናናው በዚህ ነበር። ሁለቱ ወንዶች ደግሞ ወዳጆች ነበሩ። በአንድ ጀልባ ዛጎል ያረባሉ፤ ለሰፈሩም በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ናቸው። በእሳት አጥፊዎቹ ጎጆ ውስጥ አሥራ አንድ ካፖርት በአሥራ አንድ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ስለሆኑ፣ እንዳይምታታ እያንዳንዷ ሚስት የባሏን ስም ኮሌታው ውስጥ በክር ትሰፋለች። ሺዙ በቀይ ክር፣ ፉሚኤ በነጭ።

ምድር የተናወጠችው ከቀኑ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ሁለቱ ሴቶች በባሕሩ ዳር ባለው የሥራ ዳስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዛጎል ይፈለፍላሉ። በዚያ አገር ምድር ስትንቀጠቀጥ ሰው ሥራውን አያቆምም፤ ለለመደው ሰው ነፋስ ማለት ነው። ይኼኛው ግን አልቆም አለ። ባልዲው ተገለበጠ። የዳሱ ጣሪያ እየተንቋቋ ወረደና ተመልሶ ወጣ። ሺዙ ፉሚኤን አቅፋ ከጠረጴዛው ሥር አስገባቻት፤ እዚያም ሁለቱ የየባላቸውን ስም እየጠሩ ጮኹ። ሲያባራ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ከሥሩ ጭቃ ይተፋል።

በዚያ ጠረፍ ልጅ አፉን ሲፈታ የሚማረው ነገር አለ፤ ምድር በኃይል ከተናወጠች ዘመድ ሳይጠብቁ፣ ዕቃ ሳያነሡ ወደ ኮረብታ መሮጥ። እሳት አጥፊዎቹ ብቻ ወደ ባሕር ይሮጣሉ፤ በባሕሩ ግንብ ላይ ያሉትን የብረት በሮች መዝጋት የነሱ ሥራ ነውና። ኢሳኦና ቶኩጂ በዳሱ አጠገብ ሲያልፉ ኢሳኦ እንደ ልማዱ አንገቱን ነቀነቀ እንጂ ቃል አልተነፈሰም። ቶኩጂ ግን ሳይቆም ጮኸ።

«ፉሚኤ! ውጪ፣ ኮረብታው ላይ ውጪ! ደግሞ እዚያ ወጥተሽ ከሺዙ ጋር እንዳትጣዪ!»

ሺዙ እየሮጠች ሳቀች። ፉሚኤም ሳቀች። ወደ ጎጆው ሲታጠፉ ጀርባቸውን አዩ፤ ከዚያ በኋላ አላዩዋቸውም።

ከኮረብታው ላይ በረዶ እየዘነበባቸው ከተማቸው ስትሄድ ተመለከቱ። ሄደች ነው የሚባለው፤ ሌላ ቃል አይመጥነውም። ባሕሩ መጀመሪያ ግንቡን ሞላ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚፈላ ወተት ገንፍሎ ወጣ። ከዚያ ጥቁር ሆነ። የዓሣ መጋዘኖቹ ተነቅለው እርስ በርስ እየተላተሙ ወደ መሀል ከተማ ገቡ። መርከብ በባንኩ ጣሪያ ላይ አለፈ። መኪናዎች መብራታቸውን እንዳበሩ ይንሳፈፉ ነበር፤ መለከታቸውም አብሮ ይጮኻል። የሺዙና የፉሚኤ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ እንደተጣበቁ ተነሥተው፣ ትንሽ መንገድ አብረው ተጉዘው፣ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ተሰበሩ። ሺዙ «ቤታችን» አለች። ፉሚኤ ግን በግንቡ የብረት በር ጋ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ሰው በዓይኗ ትፈልግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሃያ ስድስት ቀናት፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ፉሚኤ ከሺዙ ጋር ከኖረቻቸው ዓመታት ሁሉ ይበልጥ ወድዳቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት አንድ የሩዝ እንክብል ለሁለት ተካፍለው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ፍርስራሹን እየዞሩ ወደ አትክልት ገበያው አዳራሽ ይሄዳሉ። ሬሳው የሚደረደረው እዚያ ነው። ሁለቱም ቤት የላቸውም። ሁለቱም የለበሱት ከእርዳታ የመጣ የወንድ ሹራብ ነው። የሺዙ ፀጉር እንኳ ቀለም ሲጠፋ ከሥሩ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ለካ ስትቀባ ኖሯል! ፉሚኤ ይህን ስታይ በሐዘኗ መሀል ልቧ ዘለለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ነበሩ፤ ቅናቷም የሚይዘው አጥቶ ተኛ።

በሃያ ሰባተኛው ቀን ሺዙ ተጠራች። ወንዙ ባሕር በሚገባበት ቦታ፣ ከተጣመመው የባቡር ሐዲድ ሥር፣ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ሰው ወጥቷል። ኮሌታው ውስጥ በቀይ ክር «ኢሳኦ» ተብሎ ተሰፍቷል። ፖሊሱ «ፊቱን ባያዩት ይሻላል፣ እናቴ» አላት፤ እሷም አላየችም። ክሩን ዳሰሰች። የራሷ ስፌት ነው፤ እንዴት አታውቀው።

የከተማዋ ሬሳ ማቃጠያ በባሕሩ ስለፈረሰ ብዙ ሰው ዘመዱን ለጊዜው አፈር እያለበሰ ነበር። ለሺዙ ግን ከተራራው ማዶ ባለ ከተማ ተራ ተገኘላት። ይኸውና፣ ፉሚኤ አሰበች፤ እሷ ላይ ሲደርስ ሁሉ ነገር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ አልሞላላትም። አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ አጥንቱ በረጃጅም እንጨቶች እየተለቀመ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፤ አንዱን አጥንት ሁለት ሰው ነው አብሮ የሚያነሣው። የሺዙ ልጅ ደግሞ ቤንዚን ጠፍቶ፣ መንገዱ ተቆርጦ መምጣት አልቻለም።

ሺዙ ፉሚኤ ፊት ተንበርክካ ተቀመጠች።

«አብረሽኝ ነዪ» አለቻት። «ሌላውን እንጨት አንቺ ያዢልኝ። ኢሳኦን ከኔ ቀጥሎ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ፉሚኤ ወለሉን አየች። «ዛሬ ራሴን አሞኛል።»

«መኪና እኮ ነው። ጋደም ብለሽ ትሄጃለሽ።»

«አሞኛል አልኩሽ እኮ። መኪና ላይ ብወጣ ያስመልሰኛል።»

ሺዙ «እሺ፣ ተኚ በቃ» አለቻት። የራሷንም ብርድ ልብስ ደርባላት ሄደች።

ፉሚኤን ራሷን አላመማትም። ምኗንም አላመማትም። በሰው ባል አጥንት ላይ ጎንበስ ብላ፣ የራሷ ባል ጭቃ ውስጥ ሆኖ፣ ሺዙን «አይዞሽ» ማለት አልቻለችም፤ እሱ ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ተከናንባ ቀኑን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ዋለች።

ሺዙ ማታውን የአጥንቱ ማሰሮ ያለበትን፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሳጥን ታቅፋ ተመለሰች። በአዳራሹ ውስጥ በመካከላቸው ያለው አጥር እስከ ጉልበት የሚደርስ ካርቶን ነው። በማግስቱ ጠዋት ሺዙ ከድርሻዋ ላይ አንድ ጉርሻ ሩዝ ቀንሳ ማሰሮው ፊት አስቀመጠች፤ እጆቿንም አጋጥማ «ብላ እንግዲህ፣ ትኩስ ነው» አለችው። ከካርቶኑ ማዶ ያለችው ፉሚኤ የድርሻዋን ሩዝ መዋጥ አቃታት።

በሰኔ ጊዜያዊ ቤቶች ተሠርተው ዕጣ ወጣ። አንድ መቶ ስድሳ ቤት ውስጥ ዕጣው ሁለቱን እንደገና ጎረቤት አደረጋቸው። ፉሚኤ ቁልፏን ስትቀበል «ከዚህችስ ሞት ብቻ ነው የሚገላግለኝ» አለች፤ ያደሉት ሰዎች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሺዙ ስታስነጥስ ይሰማል። ሺዙ ማሰሮዋን ስታዋራም ይሰማል። ዝናብ እንደዘነበ ትነግረዋለች፤ ልጁ እንደደወለ ትነግረዋለች፤ ዛሬ ሾርባው ጨው እንደበዛው ትነግረዋለች። ኢሳኦ በሕይወቱ እንዲህ ተወርቶለት አያውቅም። ፉሚኤ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ታዳምጣለች። መነሣት ትችል ነበር፤ አትነሣም። የሚያቃጥላት ነገር ካለ እዚያው ተቀምጣ መቃጠል ነው ልማዷ።

ነሐሴ ሲገባ የሙታን በዓል ደረሰ። የሞቱት ወደየቤታቸው የሚመለሱበት ሰሞን ነው፤ በዚያ ዓመት ሰው የሞተበት ቤት ደግሞ ድግሱ ለየት ይላል። ሺዙ ነጭ ፋኖስ በሯ ላይ ሰቀለች። ፉሚኤ ምን ትስቀል? ያልተገኘ ሰው ሞቷል ብላ ፋኖስ ብታበራለት፣ አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ቢገባ ምን ትለዋለች? ቶኩጂን ደግሞ ታውቀዋለች፣ «ገደልሽኝ አይደል!» ብሎ ዕድሜዋን ሙሉ ይስቅባታል። በሯን እንዲሁ ተወችው።

ከሰዓት በኋላ ሺዙ ጠርታት አብረው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ማሰሮው መደርደሪያው ላይ፣ ፊቱ አበባና ዱባ ተደርጎለት ተቀምጧል።

«ምን እንደሚያሳዝነኝ ታውቂያለሽ?» አለች ሺዙ። «ፖሊሱ የለበሰውን ሁሉ ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር። ዛሬ ደግሜ ሳነበው ካልሲው፣ ግራጫው ካልሲ፣ ተገልብጦ ነበር ይላል። ሁለቱም እግር! ምስኪን፣ እንዴት ቢጣደፍ ነው ካልሲውን ገልብጦ ያደረገው?»

የፉሚኤ እጅ ባቄላው ላይ ቆመ።

ቶኩጂ የካልሲ ስፌት ጣቱን ስለሚያሳክከው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካልሲ የሚያደርገው ገልብጦ ነው። አጥባ አቃንታ ታጥፍለታለች፤ እሱ ጠዋት ይገለብጠዋል። ስንት ቀን ተጨቃጭቀውበታል። ኢሳኦ ደግሞ ቀጥ ያለ ሰው ነው፤ ቤቱ ቢነድ ካልሲውን አቃንቶ ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ ጎጆው ውስጥ አሥራ አንድ ካፖርት አለ፤ ምድር እየተንቀጠቀጠች፣ ሚስማሩ ረግፎ፣ ማን ኮሌታ ገልብጦ ስም ያነባል? በዚያው ዓመት እንኳ፣ የእሳት አጥፊዎቹ ሰልፍ ዕለት፣ ቶኩጂ ጠጥቶ የኢሳኦን ካፖርት ለብሶ እጅጌው ጣቱን ሸፍኖት ቤት ገብቷል።

ፉሚኤ ቀና ብላ ማሰሮውን አየችው። ያንን ማሰሮ አምስት ወር ቀንታበታለች። በገዛ ባሏ ነው ስትቀና የከረመችው። በዚያች ደቂቃ የተሰማት ደስታ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ያውም ክፉ ደስታ። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ «ቶኩጂዬ ተገኘህ» አልነበረም፤ «የሷ አይደለም» የሚል ነበር።

«ምነው ፈዘዝሽ?» አለች ሺዙ።

«ራሴን» አለች ፉሚኤ፣ ተነሥታም ወጣች።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። እውነት ይዛ ነው የሄደችው፤ ያራመዳት ግን ቅናት ነው። ሬሳው ከመቃጠሉ በፊት ከጥርሱ ናሙና ተወስዶ ነበርና፣ ከቶኩጂ ታላቅ እህትና ከሺዙ ልጅ ምራቅ ተወስዶ እንዲመረመር ተወሰነ። ልጅየው ይህን ሊነግራት ለእናቱ ሲደውል፣ ፉሚኤ በግድግዳው በኩል የስልኩን ጩኸት ሰማች።

ሺዙ የመጣችው ልብስ ማስጫው ጋ ነው፤ ሰዉ ሁሉ በተሰበሰበበት።

«አንቺ!» አለች። ሺዙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። «ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ ምን አልሽ?»

«ያየሁትን።»

«ምን አየሽ? ምኑን አየሽ አንቺ? ያየሁት እኔ! የነካሁት እኔ! ነዪ ስልሽ ራሴን ብለሽ ተኝተሽ አልነበር?»

«ካልሲው—»

«ካልሲ!» ሺዙ ወደ ሰዉ ዞረች። «ስሙልኝ፤ በካልሲ ባሌን ልትነጥቀኝ ነው! በዓለም ላይ ካልሲ የሚገለብጥ ቶኩጂ ብቻ ነው?»

«በዚያ ጎጆ ውስጥ፣ አዎ።»

«በፀጉሬ ቀናሽ፣ ዝም አልኩ። በልጄ ቀናሽ፣ ዝም አልኩ። እንዳላየ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ። አሁን ደግሞ የሞተ ባል ትቀኚብኛለሽ? አታፍሪም?»

ፉሚኤ የታጠበውን አንሶላ እንደያዘች ቀረች። «አላፍርም» አለች፤ አንሶላውንም ገመዱ ላይ ዘረጋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሰፈር ሰላም የሚላት ጠፋ። ለሙታን ሊጸልይ የመጣው የቡድሃ መነኩሴ እንኳ የሺዙን ቤት ባርኮ ሲወጣ የሷን በር ቶሎ ብሎ አለፈ። በግድግዳው በኩል ግን ሺዙ ማሰሮዋን አብዝታ ታዋራ ጀመር፤ ድምፅዋንም ሆን ብላ ከፍ ታደርጋለች። «ኢሳኦ» ትላለች በየመሀሉ፤ «ኢሳኦ፣ ሰማህ ኢሳኦ።»

ውጤቱ በጥቅምት መጣ። ሁለት ፖሊሶች ሁለቱንም ሴቶች ሺዙ ቤት አስቀምጠው፣ ግንባራቸው ወለል እስኪነካ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። አጥንቱ የቶኩጂ ነው።

ፉሚኤ ይህን ቀን ብዙ ጊዜ በሐሳቧ አይታዋለች። ሺዙ ስታለቅስ፣ ሺዙ ስትጮኽ፣ ሺዙ አልሰጥም ስትል አይታለች። ሺዙ ከዚህ አንዱንም አላደረገችም። ተነሥታ ማሰሮው ፊት የነበረውን ሩዝ አነሣች። ከሩዙ እንፋሎት ይወጣ ነበር። ሳህኑን ይዛ የት እንደምታደርገው ጠፍቷት መሀል ቤት ቆመች።

«ታዲያ የኔ የት ነው?» አለች። ፖሊሶቹ እንደተደፉ ቀሩ።

ፉሚኤ ማሰሮውን ታቅፋ ቤቷ ገባች። መደርደሪያዋ ላይ አስቀመጠችው። ሩዝ አቀረበችለት፤ እጆቿን አጋጠመች፤ የምትናገረውን ግን አጣች። ሺዙ ስንት ነገር ነግራዋለች! ዝናቡን፣ ሾርባውን፣ የልጁን ስልክ። እሱ ይህን ሁሉ ሲሰማ ከርሞ አሁን ከሷ ምን አዲስ ነገር ይሰማል? ክዳኑን ከፈተች። ነጫጭ ስብርባሪ ነው። የቱ እጁ ነው? የቱ ነው ስትተኛ የምትንተራሰው ትከሻው? አታውቅም። ይህን የምታውቅ በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ባሏ ከእሳት ሲወጣ የተቀበለችው፣ አመዱ ገና ሳይበርድ ያየችው፣ አንድ በአንድ የለቀመችው ሺዙ ናት። እሷ ግን ያን ቀን ጤነኛ ራሷን ይዛ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ቅናቷን ታቅፋ ተኝታ ነበር። ነይ ተብላ ነበር። ለገዛ ባሏ ነይ ተብላ እምቢ ብላለች።

ቅናቱ ያኔ መጣ። ከፀጉሩም፣ ከልጁም፣ ከማሰሮውም የባሰ። ማሰሮው ሊወሰድ ይችላል፤ ይህን ግን የትኛውም ፖሊስ ከሺዙ ወስዶ ሊሰጣት አይችልም።

ሦስት ቀን እንዲህ ሆነች። ከግድግዳው ማዶ ድምፅ የለም። ሺዙ የምታዋራው ሰው የላትም። አራተኛው ቀን ጠዋት ፉሚኤ ማሰሮውን በነጩ ጨርቅ ጠቅልላ የሺዙን በር ከፍታ ገባች።

ሺዙ ባዶው መደርደሪያ ፊት ተቀምጣለች። ፀጉሯ እስከ ጆሮዋ ነጭ ሆኗል። ዞራም አላየቻት።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?» አለች። «ሌላ ምን አለኝ የምትወስጂው?»

ፉሚኤ ማሰሮውን በመካከላቸው አስቀምጣ ተንበረከከች።

«ያን ቀን ራሴን አላመመኝም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«አንቺ ሲያምሽ ሰፈር የሚሰማው ጩኸት ነው የምትጮኺው። ዝም ያልሽው ያን ቀን ብቻ ነው።» ሺዙ አሁን ዞረች። «ቀንተሽ ነው።»

«ቀንቼ ነው» አለች ፉሚኤ። ለሠላሳ አንድ ዓመት ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው። «አሁንም እቀናለሁ። አንቺ አይተሽዋል። አጥንቱ ቤቴ ነው፣ የቱ ምኑ እንደሆነ ግን አላውቅም። አልቻልኩም፣ ሺዙ። ንገሪኝ።»

«ምን ልንገርሽ? እኔ የለቀምኩት እኮ ኢሳኦን ነው! ኢሳኦን ነው የተሰናበትኩት። አሁን የተሰናበትኩት ማንን ነው? ስንቴ ልሰናበት?» ሺዙ ፊቷን በእጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ባሕሩ ከመጣ ወዲህ ገና ያን ቀን ማልቀሷ ይመስል ነበር።

ፉሚኤ አልነካቻትም። መንካት መብቷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ለቅሶው እስኪበርድ ጠበቀች፤ ብዙ ቆየ።

«በየወሩ የባሕሩን ዳር የሚፈትሹ ሰዎች ነገ ይወጣሉ» አለች ቀስ ብላ። «አካፋ ይዤ አብሬሽ እወጣለሁ። ኢሳኦ እስኪገኝ። የተገኘ ቀን ሌላውን እንጨት እኔ ነኝ የምይዘው፤ ብታባርሪኝም እመጣለሁ። አሁን ግን የኔን ንገሪኝ።»

ሺዙ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ነጩን ጨርቅ ፈታች፤ ክዳኑን ከፈተች፤ ውስጡን ረጅም ጊዜ አየች።

«ከእግር ነው የተጀመረው» አለች። «ማሰሮው ውስጥ ቀጥ ብሎ እንዲቆም። መጀመሪያ ያነሣነው የእግሩን ጣት ነው። ሌላውን እንጨት የያዘው የመኪናው ሹፌር ነበር፤ የማናውቀው ሰው ነው። አንዱን ጣለው። እኔ አነሣሁት። ሳነሣው በልቤ አንቺን እየረገምኩሽ ነበር።»

«ርገሚኝ» አለች ፉሚኤ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ጉልበቱን» አለች ሺዙ።